ያልተፈተሸው ሚዛን

ሰኞ
ዋሽቻለሁ። ጥይት የምሞላላቸው ጋሽ መኮንን «ሚዛኑን ትፈትሻለህ አይደል?» ባሉኝ ቁጥር «ሁልጊዜ» እላለሁ። ባለቤቴ በላይነሽ ካረፈች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልፈተሽኩም።
ፍተሻው የእሷ ሥራ ነበር። ጥይቴን ባሩድ እየመዘንኩ እቤቴ ነው የምሞላው፤ ፈቃዱ አለኝ። እኔ ቀለሃ ሳጸዳ እሷ ዳዊቷን ዘግታ ትመጣና የመፈተሻዋን ክብደት በወረንጦ አንስታ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች። «ልክ ነው፣ ቀጥል» ትላለች። ተኩስ አትወድም ነበር። «ካልቀረልህ በልክ ይሁን» ነበር የምትለው።
አሁን «ቀጥል» የሚል የለም። እኔ ዝም ብዬ እቀጥላለሁ።

ማክሰኞ
የሚዛኑ ምላስ ሰንፏል። አዲስ ልገዛ ወደ ተኳሾች ሱቅ ሄድኩ። ባትሪ ያለው ፈጣን ነው፣ ግን እስኪሞቅ መጠበቅ አለ፣ ሞባይል አጠገቡ ካለም ያኮርፋል አሉ። የድሮው ዓይነት ዘገምተኛ ነው፣ ባትሪ አይለምንም። የጥይት መሙያው ማሽን የኔው ይበቃል፤ ብረት ነው፣ ጠርገው ትንሽ ዘይት ካስነኩት ከኔ በላይ ይኖራል።
ሻጩ «የድሮው ሚዛን ምን ሆነ?» አለኝ። «አረጀ» አልኩ። ሳልፈትሸው! ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ረቡዕ
ጾም ነው። አባታችን ሆይ ደግሜ በላይነሽ መፈተሻዋን የምታኖርበትን የክር ቆርቆሮ ከፈትኩ። ከሞተች ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። የመፈተሻዋ ክብደት እዚያው ናት። አስቀመጥኳት። ሚዛኑ አሳንሶ ነገረኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው።
በማጉያ አየሁ። ምላሱ የሚያርፍበት ስለት ላይ ቀይ ብናኝ ተጋግሯል። በርበሬ! እሷ የሌለችበት መኝታ ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ሚዛኑን ወደ ወጥ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከቅመሙ መደርደሪያ ሥር።
እንግዲህ «ልክ ነው» ሲለኝ ባሩዱ በዝቶ ነበር ማለት ነው። ባሩድ ሲበዛ ጠመንጃ በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። የሞላሁት የመጨረሻው የጥይት ሳጥን ጋሽ መኮንን ቤት ነው።

ሐሙስ
ስልኩን ላነሳ ስል እሳቸው ደወሉ።
«አንተ መነኩሴ፣ አለህ?»
«አለሁ ጋሼ።»
«ቅዳሜ ውድድሩ ላይ ያንተን ጥይት ነው የምተኩሰው። ጀርመኖቹን አሳፍራቸዋለሁ! ፌኸንሃይም ተኩስ ሜዳው በጊዜ ና፤ በመካከላቸው ብቻዬን እንዳታስቀረኝ።»
ከጀርመኑ የተኩስ ማኅበራችን ሐበሾቹ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ከእሑድ ቅዳሴ ሌላ በሳምንቱ አማርኛ የምሰማው ከእሳቸው ነው። «ባሩዱ ከፋብሪካው ተበላሽቷል አሉ» ልላቸው አሰብኩ። ቀላል ነበር። ጥይቱም ይመለሳል፣ እሳቸውም አይቀየሙኝም። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። እውነቱም አልወጣ አለኝ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁ።
እራት የሚያቀርብልኝ የለም፣ እኔም አላቀረብኩም። ጌታ ሆይ፣ በሐሰት የተገኘ ወዳጅ ወዳጅ ነው?

ዓርብ
በማለዳ ቁልፍ ያለውን የጥይት ሳጥን ባዶውን ይዤ ኖርድኤንድ እቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ መኮንን በፒጃማ ከፈቱ።
«ጋሼ፣ ያንን ጥይት እንዳይተኩሱት። ባሩዱ በዝቷል። ሚዛኑን ፈትሼ አላውቅም። ስዋሽዎት ነው የኖርኩት።»
ሳቁ። «ጾሙ አዙሮህ ነው፣ ግባ።» ፊቴን ሲያዩ ሳቁን ተዉት።
«ልትቀብረኝ ነበር?»
«አዎ ጋሼ።»
ግባ ያሉኝን መልሰው አልደገሙትም። ጥይቱን አምጥተው ሳጥኔ ውስጥ ራሳቸው ከተቱት፣ ራሳቸው ቆለፉት። «ብትነግረኝ ኖሮ እኔ እፈትሽልህ አልነበር?» አሉኝ። በሩ ተዘጋ። ሳጥኑን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።
ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን አረር ከቀለሃው ስነቅል ዋልኩ። አንዷንም አላስተረፍኩ።
ስልኩ አልጮኸም። ከእንግዲህም ላይጮህ ይችላል። ይሁን። እሳቸው ይኑሩልኝ።