የትሎቹን ሰፈር ያስከበሩት እናታችን

እናታችን ከመረብ ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ወደብ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው በ1967 ዓ.ም. በባሕር ሕይወት ጥናት ከዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በዓሣ ሀብት ቢሮ ተቀጠሩ፤ ሥራቸውም አየር የተሞላ የብረት ሲሊንደር አዝለው እየጠለቁ የባሕሩን ወለል መመዝገብ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የመርከብ ሞተር ጠጋኝ የሆኑትን አባታችንን አግብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። አባታችን «ሚስቴን የማገኛት አየር ሲያልቅባት ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. እናታችን ውሃው በደፈረሰበት ሳምንት ጠልቀው ስለ አንድ ሰፊ ወለል «ባዶ ድንጋይ» ብለው ጻፉ። በዚህ ጽሑፍ መሠረት ቦታው ወለሉን እየፋቁ ለሚያጠምዱ መርከቦች ተፈቀደ። ከካፒቴኖቹ አንዱ ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድማቸው በመረብ የወጣ ስባሪ ይዘው መጡ። «እህቴ፣ ይሄ ድንጋይሽ በእጅ ይፈረፈራል እኮ!» አሏቸው። እናታችን በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ድንጋይ አልነበረም። ከጣት ያጠሩ ትሎች የአሸዋ ፍሬ በራሳቸው ሙጫ እያጣበቁ የሠሩት፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው መኖሪያ ነበር። በዚያች መዳፍ በምታህል ስባሪ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓይነት ፍጥረት ቆጠሩ፤ ጥፍር የሚያህሉ ሸርጣኖችና የዓሣ እንቁላልም ነበሩበት።

በማግስቱ ቢሮ ሄደው የገዛ ሪፖርታቸውን ሻሩ። አለቃቸው «ማንም ያላወቀብሽን ስህተት ምን አስለፈለፈሽ?» ቢሏቸው፣ «ትሎቹ አውቀውታል» ብለው መለሱ። ለዚህም ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ካፒቴኖቹ «እትዬ ትል» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ወንድማቸውም «እንጀራዬን ከአፌ ልትነጥቂኝ ነው» ብለው ዓመት ሙሉ አኮረፏቸው። ይሁን እንጂ በተፋቀው ቦታ መረባቸው አሸዋ ብቻ ይዞ መውጣት ሲጀምር፣ ወንድማቸው በራሳቸው ፈቃድ ቢሮ ቀርበው መሰከሩ። በ1982 ዓ.ም. ቦታው ለመርከቦቹ ተዘጋ። ግማሹ ግን ፈርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናታችን በየዓመቱ በወንድማቸው ጀልባ እየወጡ ትሎቹ ከፈረሰው ምን ያህሉን መልሰው እንደሠሩ ለኩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም አላቋረጡም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ፣ ልጆቻቸው የዘንድሮውን ልኬት ይዘን «እማዬ፣ የፈረሰው ሁሉ ድኗል» አልናቸው። መነጽራቸውን አስመጥተው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። «ሲሶው ነው የተመለሰው። ለሰው ስትናገሩ ሲሶ በሉ፤ የቀረውን የሚጠብቅ ሰው እንዳይጠፋ» አሉን።

በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቀሪዎቹ ሁለት ሲሶዎች ደግሞ ዕድሜና ትዕግሥት ለእኛ ይስጠን።