ያልተዘጋው ዲዛይን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የኦቦ ገመቹን ቤት መሬት ላይ በኖራ አሰመርን። ፕላኑ ላይ ከፈረሙ ሰንብተዋል፤ በአርክቴክቸር ማስተርስ ትምህርታችን ደግሞ ደንበኛ ከፈረመ ዲዛይኑ ተዘጋ ማለት ነው። «ሰኞ ቁፋሮ እንጀምር» ስላቸው ሳቁብኝ።

«እኔ ፈረምኩ እንጂ ታላቅ እህቴ መቼ ገባችበት?»

እህታቸው አደ ጫልቱ ከገጠር፣ ከኑኑ ቁምባ ደረሱ። ኖራውን ሳይረግጡ በበሩ በኩል ገቡና ሳሎኑ መሐል ቆመው፣ «የሠርጉም የለቅሶውም ድንኳን የት ሊተከል ነው?» አሉ። በቃ፣ ደጁ ላይ ለድንኳን ቦታ እንዲተርፍ ቤቱን ወደ ኋላ ልንገፋው ነው።

ሥራ ተጨመረብኝ፤ ግን ደስ ብሎኛል። የውጭ አገር ሰው የሆኑት የጥናት አማካሪዬ «እናንተ አገር ዲዛይን የሚጸድቀው መቼ ነው?» እያሉ ሲያስጨንቁኝ ከርመዋል። መልሱን አገኘሁ፤ ታላቅ እህት ስትገባበት ነው ብዬ ይህን ስጽፍ ኦቦ ገመቹ ደወሉ። ነገ ከቸርች መልስ አጎታቸው መጥተው ይገቡበታል።