ሁለተኛው ቀጠሮ

ጥቅምት 3
ከሐዋሳ ከመጣሁ ሳምንቴ። ሻንጣዬን አልፈታሁም። ለምን እፈታለሁ? ከባሌ ጋር ተለያይቻለሁ፣ አባዬ ቤት ትንሽ ልረፍ ብዬ እንጂ... ለሚ ኩራ የድሮው መንደራችን የለም። ጤፍ የምናጭድበት ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። አባዬ ብቻ ሁለት ላሞቹን ይዞ ንቅንቅ አልልም ብሏል።

ጥቅምት 5
ለላሞቹ ፋጉሎ ልገዛ ወጥቼ ደቻሳን አየሁት። መንገድ ማዶ ያለው ብሎኬት ማምረቻ የእሱ ነው አሉ! እጁ ሲሚንቶ፣ ፀጉሩ ሲሚንቶ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሽማግሌ ልኮብኝ፣ አባዬ "እናስብበት፣ ተመለሱ" ቢላቸው በዚያው የቀረው ሰውዬ።
"ኢሊሊ! መጣሽ እንዴ?"
"አይ፣ መንገድ ላይ ነኝ" አልኩት። ምን ማለት ነው አሁን ይሄ? ቀሽም።

ጥቅምት 8
ዛሬም በዚያው በኩል... ፋጉሎው አላለቀም። መገናኛ እሄዳለሁ ብዬ ወጥቼ ሦስት ታክሲ አሳለፍኩ።

ጥቅምት 12
ጠየቅኩት። ፊት ለፊት።
"ለምን ተውከኝ?"
"እኔ? አባትሽ አይደሉ እንዴ የመለሱኝ?"
"ተመለሱ ነው ያለው!"
"እናስብበት ሲሉ... በጨዋ ደንብ እምቢ ያሉኝ መስሎኝ።"
ወይ ጉድ! ሴት ልጅ በመጀመሪያ ቀን እንደማትሰጥ ማን ይስተዋል? እሱ ግን ወላጅ የለው። ሽማግሌ ብሎ የላካቸው የሥራ ጓደኞቹን፣ ሁሉም ወንደላጤ። አንደኛው፣ ገመዳ፣ ጋቢ ተውሶ ነበር የመጣው! ሳቅኩ። ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ አለቀስኩ። እኔስ ያኔ ስልክ አልነበረኝም? ኩራት ነው። በእልህ ሐዋሳ ድረስ ሄጄ ሌላ አገባሁ።

ጥቅምት 24
"እንደገና ሽማግሌ ልላክ?" አለኝ።
"ፈት ላይ ሽማግሌ ይላካል እንዴ?"
"የኔ ጉዳይ መቼ አለቀና?"
ልቤ አልረጋ አለ። ጓደኛዬ ሔዋን ደግሞ ሐዋሳ ሥራ አግኝታልኛለች፣ የፊታችን ሰኞ ግቢ ትላለች። አባዬ እምቢ ካለ እሄዳለሁ። እሺ ካለስ? የትኛው እንደሚያስፈራኝ እንጃ።

ጥቅምት 30፣ እሁድ
ሻንጣዬን በሩ ሥር አድርጌ ጠበቅኩ።
መጡ። ገመዳ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ ጋቢውም የራሱ ነው። እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። አሁንም ተመለሱ ሊላቸው ነው...
አባዬ አንድ በአንድ አያቸው።
"የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ተመለሱ ብያችሁ ነበር" አለ።
ገመዳ ጋቢውን አስተካከለ።
"አረፈዳችሁ። በሉ ተቀመጡ።"