አባቴን ጌዴራ ላይ ካድኩት

እቴ ወለላ፣

ይህን በስልክ አልነግርሽም፤ ቤትሽ ሰው አይጠፋም። የልጅ ልጄ ሬዑትና ጓደኞቿ እዚህ ጌዴራ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ በገዛ እጃቸው ትንሽ አውሮፕላን ይሠራሉ። ትናንት ወሰደችኝ። ክንፉ ሥር ተንበርክካ በጋለ ብረት ሽቦ ከሽቦ ስትበይድ ቆየችና ጓደኞቿን ጠራች። «ያላ፣ ኑ! የአያቴ አባት አንጥረኛ ነበር፤ እጄ ከእሱ የመጣ ነው። አያቴ፣ ንገሪያቸው!»

እዚህ እስራኤል አገር ብረት ለሚሠራ ሰው ይጨበጨብለታል። እኔን ግን ያ «ቡዳ» እየተባልን ያደግንበት ዘመን ትዝ አለኝ። «አባቴ ገበሬ ነበር» አልኩ።

ልጅቷ ቀላች። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ተሳስቼ ነው። ይቅርታ፣ አያቴ» ብላ ወደ ሽቦዋ ተመለሰች። እኔ ዋሽቼ እሷ አፈረች። የሰደቡን ሰዎች አፈር ሆነዋል፤ ስድባቸውን የጨረስኩላቸው እኔ ነኝ።

በስተርጅና የቆጠርኩት ፊደል ተንዘርጥጦ ይህን ፖስት ካርድ ሞላው። ልጅሽን ንጉሴን ሳሚልኝ፣ ወገብሽን ከብርድ ጠብቂ። ሬዑት ለፋሲካ አንቺ ዘንድ ቂርያት መላኪ ትመጣለች። እስከዚያ አፌ እንቢ ካለኝ አንቺ ንገሪያት፤ የእናትሽን ማጭድ የሠራው አባቴ ነው።

ትጓደድ