አነስ የተከራየው አጎት

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ እናቴ ሃጂራ፤

ይህች ደብዳቤ እጅሽ እስክትገባ አላህ በጤና ያቆይሽ። እንዴት ነሽ እማ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ያ ደረጃ አሁንም ቀኑን ሙሉ ሲያስወጣሽ ሲያስወርድሽ ይውላል? በረኪናው ልጦኛል ያልሽኝ እጅሽስ ዳነ ወይ? ጓንት አድርጊ ብዬሽ ነበር፤ እንደማታደርጊ ግን አውቃለሁ፤ አንቺ ለራስሽ ሲሆን ትሰንፊያለሽ። እንቅልፍስ ያስተኙሻል? ምግብስ እንደ ሰው ተቀምጠሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ቤትሽ ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን የእኔንና የሃፊዛን ነው። ይህን ሁሉ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት የአነስን ልነግርሽ ነው።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የደሜ እኅት ልጅ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ልትመለስ ነው። በስልክ አትነግሪኝም ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። አልሆነልኝም እማ። አርብ አርብ ስትደውዪ እመቤትሽ አጠገብሽ ትቆማለች፤ እኔ አንድ ነገር ስጀምር አንቺ "በሉ ደህና ሁኑ ልጆቼ" ብለሽ ትዘጊያለሽ። ሰፈሩም "ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ብቻዋን አልቅሳ ትታመምብሻለች" እያለ አፌን ይዞኝ ከረመ። ሰኔ ላይ "አነስ አንደኛ ወጣ" ስልሽ፣ እነሱ እንዳይሰሙሽ አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ እልል ማለትሽ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ሌላውን ለመናገር ወኔ ከየት ላምጣ?

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን የደመቀበት ዓመት ነበር። የሴቶቹ የእግር ኳስ ቡድን የወረዳውን ዋንጫ በልቶ፣ ልጆቹ በአይሱዙ ተጭነው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ቀራንዮ እየጨፈሩ ዞሩ፤ ማልያቸውን ያጠበብኩላቸው እኔ ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ በአጥሩ ዙሪያ ችግኝ ተከለ፤ የሰፈሩ ፍየል ደግሞ ተከትሎ በላው። የድራማ ክበቡ ስለ ኩረጃ ድራማ ሲያሳይ ቀዳማዊ የሚባለው ልጅ ፈታኝ ሆኖ ሲንጎራደድ ከመድረኩ ወደቀ፤ ሰው የድራማው አካል መስሎት አጨበጨበለት። ልጁ ግን ክንዱ ወልቆ ነበር።

አነስማ ሁሉም ቦታ ነበረ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል በሚኒ ሚዲያው ዜና ያነባል። ከሰዓት ደግሞ ከሳይንስ መምህሩ ከኢዮሲያስ ጋር ሽቦና ጀሪካን ሲያገጣጥም ይውላል። በእግር ሲረግጡት ውኃ የሚያፈስ የእጅ መታጠቢያ ሠርቶ፣ ከክፍለ ከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ በፈጠራ ሥራ አንደኛ ወጣ። እዚህ ቤትም አንዱን ደጃፍ ላይ አቁሞልን፣ ሃፊዛ ጓደኞቿን እየጠራች ስታስረግጥ ውኃችንን ጨረሰችው። ያን ጊዜ ብታዪው እማ፣ ሲሄድ መሬት አይነካም ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ሚኒ ሚዲያው ላይ ወጥቶ፣ ለመምህሩ ሳያሳይ፣ "የተማሪዎች ሽንት ቤት ውኃ ካጣ ሰነበተ፤ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ግን ውኃ አለው" ብሎ አነበበ። ተማሪው በሳቅና በጭብጨባ ግቢውን አናወጠው። እኩለ ቀን ሳይሆን የጥበቃው ሰው ክፍል ድረስ መጥቶ "ነገ ወላጅ አምጣ ተብለሃል" አለው። ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። እኛ ትምህርት ቤት ለደግ ነገር ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ኖሮ አያውቅም። አነስም ተባረርኩ ብሎ ደመደመ።

ለእኔ መንገር ነበረበት። ለምን እንዳልነገረኝ የገባኝ በኋላ ነው። የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት የሚመጣውን ዓመት ዩኒፎርም መስፋት ጀምሮ ነበር፤ አብራኝ ትሰፋ የነበረችው ልጅ ለግማሽ ቀን ብትቀር ስትመለስ ማሽኗ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ይህን ማታ እራት ላይ ያወራሁት ራሴ ነኝ። ልጅሽ ሰምቶ በሆዱ ያዘው። "ሲሃም ሥራዋን ከምታጣ እኔ እወጣዋለሁ" አለ።

የሚወጣበትን መንገድ ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ መዝገቡ የሚባል የታክሲ ተራ አስከባሪ አለ። ድምፁ ወፍራም፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ሲያዩት የልጆች አባት የሚመስል ሰው ነው፤ ሚስት እንኳ የለውም። ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ለሻይ የሚሆን ነገር ይሰጠውና አንዴ አባት፣ አንዴ አጎት ሆኖ ቢሮ ይገባለታል። የስንቱ ቤተሰብ እንደሆነ እሱም አያውቀው። አነስ ሄዶ ይህን ሰው ተከራየ።

በማግስቱ መዝገቡ ነጭ ኮፍያ ተውሶ ደፍቶ "ኑሕ እባላለሁ፤ የሟች አባቱ ታናሽ ወንድም ነኝ" ብሎ ቢሮ ገባ። ገና ከበሩ ላይ የአነስን ጆሮ ጠምዝዞ "አንተ የማትረባ! በሰው ፊት ታዋርደናለህ?" አለና በጥፊ አጮለው። የሥራው ወግ ነው፤ የኪራይ ወላጅ ቀድሞ ካልተማታ አይታመንም። ርእሰ መምህሩ ወልደሰንበት ከወንበራቸው ብድግ ብለው "ኧረ ይተዉት! ምን በደለና? እኛ የጠራንዎት ለምስጋና ነው" አሉ። የውኃውን ነገር እንኳ "ልክ ነው ያለው" ብለው ሳቁበት። ቀጥለውም ጎበዝ ልጆችን ሰብስቦ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነፃ የሚያስተምር፣ ሌላ ከተማ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ምረጡ እንዳላቸው፣ መምህራኑም በአንድ ድምፅ አነስን እንደመረጡ ነገሩት። ስሙ የሚላከው በዚያው ዕለት ነው። አሳዳጊው መታወቂያውን አሳይቶ መፈረም ብቻ ነው የቀረው።

የመዝገቡ መታወቂያ ደግሞ መዝገቡ ነው የሚለው። ቢያወጣው በሁለቱም ላይ ጉድ ሊፈላ ነው፤ እሱ ፖሊስ ጣቢያ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ውጭ። ላብ በላብ ሆነና የመጣለትን ተናገረ፤ "ቤተሰቡ አይፈቅድም። እናቱ ሰው አገር ናት፤ ያለው ወንድ እሱ ብቻ ነው። ከቤት አይወጣም" አለ። መምህር ወልደሰንበት ለመኑት፤ እስከ ከሰዓት አስቡበት አሉት። "አንዴ ተናገርኩ!" ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ። አነስ ይህ ሁሉ ሲሆን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አንደኛ መመረጡን በዚያች ቅጽበት ሰማ፣ ራሱ የከፈለው ሰው ሲከለክለውም በዚያችው ቅጽበት ሰማ፤ አፉን ቢከፍት ውሸቱ ሊወጣ ነው። ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ በእሱ ፋንታ የሌሊሴ ስም ተላከ፤ የጎረቤቶቻችን የመገርሳና የደሜ ልጅ ናት፣ አንቺ ጡት ስትጥል ያዘልሻት።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በወላጆች ቀን ነው። አንቺ የላክሽልኝን አባያ ለብሼ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ። ሃፊዛ ከሁለተኛ ክፍሎች ጋር ዘመረች፤ ግጥሙ ጠፍቷት አፏን ብቻ ስታንቀሳቅስ በሳቅ ልሞት ነበር። ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ ተብሎ አነስ ሲጠራ በአንቺ ቦታ አብሬው ወጣሁ። ሰው ሲያጨበጭብ ዓይኔ እንባ ሞላ። መምህር ወልደሰንበት ማይኩን ያዙና እንዲህ አሉ፤ "ይህን ልጅ ለአዳሪ ትምህርት ቤት መርጠነው ነበር፤ አጎቱ አቶ ኑሕ ግን አልፈቅድም አሉን። ወላጆች፣ እባካችሁ የልጆቻችሁን መንገድ አትዝጉ።" ጭብጨባው ቆመ። ድንኳን ሙሉ ሰው የልጅ መንገድ የዘጋችው ይህች ናት ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ አጎት እንደሌለን አውቃለሁ፤ ዞሬ አነስን ሳየው አንገቱን ደፍቷል።

አነስን ይዤ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገር አናዘዝኩት። መምህር ወልደሰንበት ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይሻል ነበር። ስልክ አነሡ፣ ደወሉ፣ ለመኑ። ቦታው ሞልቷል፣ የሚቀበሉትም ዘጠነኛ ክፍል የሚጀምር ልጅ ብቻ ስለሆነ ቆይቶም አይሆንም ተባሉ። ያን ቀን ማታ መገርሳ ሌሊሴን ይዞ ቤታችን መጣ። ልጅቷ እያለቀሰች "እኔ እቀራለሁ፣ እሱ ይሂድ" አለች። አነስ "አንቺም ተመርጠሻል፤ ሂጂ" ብሏት ወደ ጓዳ ገባ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አንድ ጊዜ እሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷም ለፍታበታለች እማ፤ አላህ ያሳካላት። መገርሳና ደሜ ግን ከዚያ ወዲህ በራችንን ሲያልፉ መሬት መሬት ያያሉ፤ እኛም እንደዚያው።

መዝገቡም ሰምቶ መጣ። በር ላይ ቆሞ "እኔ እኮ ልጁን ያዳንኩት መስሎኝ ነው እኅቴ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ቢሮ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም" አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ልሰድበው አስቤ የነበረው ሁሉ ጠፋብኝ። ውኃ ሰጥቼ ሸኘሁት።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስከረም ሲጠባ ሌሊሴ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ አነስ መስኮት ላይ ቆሞ መኪናው እስኪታጠፍ አያት። ዘጠነኛ ክፍል አስመዘገብኩት፤ ዩኒፎርሙን በገዛ እጄ ሰፋሁለት። ጠዋት ለብሶ ይወጣል። መምህር ኢዮሲያስ አዲሱ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ የፈጠራ ክበብ ውስጥ አስገቡልኝ ብሎ ነበር፤ ልጅሽ አልገባም። ደጃፍ ላይ ያለው ጀሪካን ሽቦው ሲበጠስ አልጠገነውም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ መዝገቡ እጁን ይዞ ከነዩኒፎርሙ ወደ ሥራ ቦታዬ አመጣው። ለካ ትምህርት ቤት ሳይሆን ማዞሪያው ላይ ታክሲ እየጠራ ነው የሚውለው። መዝገቡ "በየቀኑ አባርረዋለሁ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣል። እኔ የውሸት ነኝ፣ አይሰማኝም" አለኝ። አነስን ለምን ብዬ ጠየቅሁት። "እማ ለእኔ ብላ ሰው ቤት ወለል ትጠርጋለች፤ እኔ ደግሞ የመጣልኝን ዕድል አባረርኩት። በምን ዓይኔ እማራለሁ?" አለኝ።

እማ፣ ኮንትራትሽ ጥቅምት ላይ ያልቃል። ባለፈው አርብ "ለአነስ ትምህርት ስል ሁለት ዓመት ልጨምር ነው" አልሽኝ። አትጨምሪ። ባለጌ አትበዪኝ፤ እናቴን ስላዘዝኩ ይቅር በዪኝ። ያለንን ተካፍለን እንበላለን፤ እኔ ሥራ አለኝ፣ ጉልበትም አለኝ። ግን ለአነስ እናት ልሆንለት ሞክሬ አልሆነልኝም። ስቆጣው ጥሎኝ ይወጣል፣ ሳባብለው ፊቱን ያዞራል። በየማታው ካንቺ የመጣ አንድ የቆየ የድምፅ መልእክት ከፍቶ ደጋግሞ ያዳምጣል፤ ስገባ ያጠፋዋል። በአንቺ ፊት ካላለቀሰው የሚወጣለት አይመስለኝም።

ሃፊዛ ጥርሷ ወልቋል፤ አዲሱ ሳይበቅል መጥተሽ እንድታዪላት ትለምንሻለች። መገርሳና ደሜ፣ ከሐፍረታቸው ጋር፣ ከልብ ሰላም ይሉሻል። መምህር ወልደሰንበት መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "እናታችሁ እንዴት ናት?" ሳይሉ አያልፉኝም። መዝገቡም ሰላም በይልኝ፣ ስሜን ግን አትጥሪባት ብሎኛል፤ ይኸው ጠራሁት። ዕቃ እልካለሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ ቃልሽን ብቻ ላኪልን።

አነስ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝቷል፤ መተኛቱን ግን እንጃ። ምን ልበልልህ ስለው "ደህና ነው በያት" ብሎኛል። ደህና አይደለም እማ። ነይልን።

የምትወድሽ ልጅሽ ሲሃም ጀማል

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 2018 ዓ.ም.