102,847 ለ19

ሰኞ፣ ሰኔ
ኧረ ይቺ ልጅ ታበሳጨኛለች! የፈተናውን የመጨረሻ ጥያቄ ያወጣሁት እኔው ነኝ፦ «102,847 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?» ነው እንጂ! ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ለፍቼበታለሁ። በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13... ሁሉም ቀሪ አለው። ተማሪው ሁሉ «ብቸኛ ነው» ሲል ጥሩወርቅ ብቻ «አይደለም፤ 19 ያካፍለዋል» ብላለች። ሥራዋ አንዲት መስመር ናት፦ «በ532 ገደፍኩ፤ 171 ተረፈ።» ተረፈ እያለች ያካፍላል ትለኛለች! በቀይ ሰረዝኩት።

ማክሰኞ
ደብረ ታቦር ሄዶ የሚማረው አንደኛ የወጣው ብቻ ነው። አንደኛ የምስለኔው ልጅ፤ ጥሩወርቅ በአንድ ነጥብ ሁለተኛ። ከክፍል ስወጣ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ አንዴ ይዩልኝ። ካልተላክሁ ጥር ላይ ይድሩኛል።» አይቻለሁ አልኳት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ
አባቷ መጡ። የድጓ ቤት በሆነው ቤተ ልሔም የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። «ልጄ፣ መግደፍ እኮ እየቀነሱ መጣል ነው። 532፣ የባሕረ ሐሳቡ ዐቢይ ቀመር፣ ሃያ ስምንት ጊዜ 19 ነው። የተረፈው 171 ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ 19። ቀሪው አልቦ ነው፣ ምንም የለም» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ይህ ፋሲካ ማውጣት አይደለም» አልኳቸው! ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ? መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ።

ሐሙስ
የዓርቡን ወረቀቴን አወጣሁ። ለ19 ሲካፈል፦ 5,412፣ ቀሪ 19።
ቀሪ 19! በ19 እያካፈልኩ 19 ይተርፈኛል? ገና አንዴ ይደርሰዋል፤ 5,413፣ አለቀ። «ቀሪ ከአካፋዩ ያንሳል» እያልኩ በልጆች ላይ የምጮኸው እኔ! ደንቆሮ!
ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። «ዝርዝሩ ታሽጓል። ምስለኔው ለልጃቸው ሰንጋ ጥለዋል። አሁን ተሳስቻለሁ ልትል ነው?»
«አዎ።»
«እንግዲያው የልጅቱን ደብዳቤ ጽፈህ ብቻህን ፈርም። እኔ ማኅተም አልመታም።»

ዓርብ
ስሌቱን በክፍሉ ፊት ጻፍኩት። የሌሎቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ነጥብ ወረደ፤ ጥሩወርቅ አንደኛ። የምስለኔው ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ወጣ። ማታ ምስለኔው ሰው ልከው ሰኞ ቢሯቸው ጠርተውኛል። መሪጌታን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይቀበሏታል?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ቢሆንም እሳቸው ይልኳታል።

ቅዳሜ
አውቶቡሱ ማለዳ ሄደ። ደብዳቤዬን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ቢመልሷትስ? ሰኞስ ምን ይጠብቀኛል?
መኪናው ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብላ «መምህር፣ 5,413ስ ብቸኛ ነው?» አለችኝ።
ከጠዋት ጀምሮ እያካፈልኩ ነው። አሁን 19 ላይ ደርሻለሁ። 284፣ ቀሪ 17።
ከ19 ያንሳል። ሁለቴ አይቻለሁ።