የጊዮን ጆሮ

ለውዷ ልጄ ለሴራይና፣

ባሕር ማዶ እንዴት ከርመሻል? እኔና እናትሽ ከነተራራችን ደህና ነን።

ማክሰኞ ስድስት ጎብኚዎችን በበረዶ መንሸራተቻ ወደ ላይኛው ተዳፋት እየመራሁ ወጣሁ። “አዲስ በረዶ ነው፣ እንውረድበት!” እያሉ ሲያጣድፉኝ፣ ረዳቴ አኒና ቀጥ ብላ ቆመች።

“ጋሼ ጊዮን፣ ሰሙት? ከእግራችን ሥር ድም አለ!”

በረዶ ሊናድ ሲል ከውስጥ ተሰብሮ ድም እንደሚል ያስተማርኳት እኔው ነኝ!

“አርባ ዓመት የሰማሁትን ዛሬ እንዴት አልሰማም?” ብዬ ተቆጣኋትና ሁሉንም መለስኳቸው። አንዱ ሲያጉረመርም፣ “ሬሳህን ከምሸከም ኩርፊያህን ብሸከም ይሻለኛል” አልኩት። ምሳ ሳንበላ የተዳፋቱ በረዶ እንዳለ ተናደ። መንደሩ ሁሉ “ወይ የጊዮን ጆሮ!” እያለ ያሞግሰኛል።

ከእንግዲህ ያለ አኒና አልወጣም፤ ጎበዝ ናት፣ ሥራውን ትልመድ። እናትሽ ግን ቴሌቪዥኑን ቀንስ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ጩኸት አትወድም።

ስልኩ ሰሞኑን እየተንሾካሾከ ስላስቸገረኝ እሁድ እሁድ አትደውዪ፤ ጻፊልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

በሰላም ያገናኘን፤
አባትሽ ጊዮን